ሴባሎን ለገመዳ የሰጠሁ ዕለት

ጡረታ የወጣ ሰው መሄጃ ሲያጣ ጭማቂ ቤት ይሄዳል። ሐኪሙ «ስኳርህን ጠብቅ» ቢለኝም፣ እኔ ከሰፈራችን አስፋልት ማዶ ወዳለችው ጠባብ ጭማቂ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ሹልክ ማለቴን አልተውኩም። በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት ገና በሩን ሳላልፍ ሽታው ተቀበለኝ። ማንጎ ሁሉ አንድ አይምሰላችሁ። ያ ትልቁና ቀዩ፣ በመኪና ተጭኖ የሚመጣው፣ መልክ እንጂ ሽታ የለውም። ይሄ ግን ትንሹ ነው፤ ልጣጩ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ጭረቱ ጥርስ መሃል ገብቶ ቀኑን ሙሉ የሚያታግል። ከነሣጥኑ መሬት ላይ ተቀምጧል። «ከየት መጣ?» አልኳት ልጅቷን። «ከወለጋ ነው አባባ» አለችኝ። ወለጋ ሰፊ ነው ስላት ሳቀችና «ዲጋን ያውቁታል? የኛ አገር ነው» አለች። ዲጋን አውቀው እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ከአፌ ያላወጣሁትን ስም ጠራሁ። «ገመዳ የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ነበር...» ሳልጨርስ ፊቷ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «ባርሲሳ ገመዳ? መምህር ገመዳን? እኔንም እናቴንም አስተምሮናል። ዐረፈ እኮ አባባ! ዓመት ሊሞላው ነው።» የቀዳችልኝን ጭማቂ ሳልጠጣው ወጣሁ።

ነቀምት የተመደብኩት ገና ጢሜ በወጉ ሳይበቅል ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ዓባይን ከተሻገርኩ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ከካርታ ውጭ ይመስለኝ ነበር። ሱሪዬ ቦላሌ፣ ጫፉ የነቀምትን ጭቃ አንድ ሳያስቀር እየጠረገ የሚሄድ። ጸጉሬ አፍሮ። «ራስ ሳይጠና ጉተና» ትለኝ ነበር እናቴ፤ ስለ ጸጉሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጨለለቂ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል በአሥራ ሁለት ብር ተከራየሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከራሴ ጋር እንኳን መነጋገር አልችልም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍቶ ዘፈን ሲያሰማ መንገደኛው ሁሉ ሳይታወቀው እርምጃውን በዘፈኑ ልክ ያደርጋል። የመጀመሪያው ወር ላይ በየቀኑ አረፍድ ነበር። ተኝቼ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። የነቀምት ሰው «አካም ቡልቴ» ብሎህ አያልፍም። አንተ፣ ቤትህ፣ ከብትህ፣ ጎረቤትህ፣ ዝናቡ ሳይቀር እንዴት እንዳደረ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከብት የለኝም፤ የለኝም ለማለት ኦሮምኛው አልነበረኝም።

ኦሮምኛውን ያስተማረኝ ገመዳ ነው። የኔው እኩያ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራቡን ክረምት ከበጋ የማያወልቅ። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፣ እሱ ጂኦግራፊ። በመምህራን ክፍል ወንበራችን ጎን ለጎን ነበር። አንድ ቀን፣ ሐምሌ የሚመስል የግንቦት ዝናብ እየወረደ፣ «ብርድ ሰለቸኝ፤ እስቲ ሞቃት አገር እንሂድ» አለኝ። በምን? በደመወዛችን? ያረመውን የፈተና ወረቀት ገለበጠና በጀርባው ላይ የባሕር ዳርቻ ሠራ። ወንዝ አወረደ፣ ተራራ ተከለ፣ ወደብ ከፈተ። ዙማራ ብለን ስም አወጣንላት። ንጉሥ የሌላት፣ ባለ ፕሬዚዳንት፣ ዘምባባ ያላት ሪፐብሊክ። ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጻፍንም፤ ዘመኑ እንደዚያ ዓይነት ወሬ የሚወደድበት ስላልነበረ በወደቡና በገበያዋ ተወስነን ቀረን። እሱ ስለ ዝናቡ ይጨነቃል፤ «ነፋሱ ከዚህ ከመጣ ከተራራው ወዲያ ደረቅ ነው፣ እዚያ ሙዝ አታብቅል» ይለኛል። እኔ ስለ ሰዎቿ እጨነቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች እኔ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ስጨርስ ገመዳ አነበበና ከንፈሩን ነከሰ። «ያ አያሌው፣ ሰዎችህ ሁሉ ይበርዳቸዋል» አለኝ፤ ስሜን በኦሮምኛ ወግ ሲጠራ ነው። እውነቱን ነበር፤ ባሕር ዳር ቆመው እንኳን ጋቢ የለበሱ ይመስላሉ። በነጋታው ቅዳሜ አውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ዲጋ፣ ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ። ሙቀት ምን እንደሆነ ሊያስተምረኝ ነው! ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሼ ነበር። መንገዱ ወደ ዴዴሳ ቆላ እያዘቀዘቀ ሲሄድ ላቤ ከአንገቴ ጀምሮ ወረደ፤ ገመዳ በደስታ ጉልበቴን እየመታ «ጻፈው! ጻፈው!» ይላል። ተሳፋሪው የታመምኩ መስሎት ውሃ አቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ በወር ሁለቴ ወደ ዲጋ፣ አንዳንዴም ወደ ኡኬ መውረድ ልማዳችን ሆነ። ማንጎ በስሙኒ ሻርፕ ሙሉ ነው። ጭረቱን ከጥርሳችን እየነቀልን ስለማናውቀው ባሕር እንከራከራለን።

ሴባሎን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይሄን ዛሬም ብናገር ውሸት አይደለም። ሴባሎ የወደቡን ትልቅ ሰዓት በየጠዋቱ እየወጣ የሚሞላ ሽማግሌ ነው። ማማው ከፍ ያለ ነው፣ ጉልበቱ ደከም ያለ፤ ስለዚህ የዙማራ ሰዓት ሁልጊዜ ይዘገያል፣ መርከቦችም አብረው ይዘገያሉ። ሴባሎን ወደድኩት፤ ግን ከማማው ከወረደ በኋላ የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ሦስት ታሪክ ሙሉ አወጣሁት፣ አወረድኩት፤ ከዚያ ቆመ። ዲጋ፣ በገመዳ እናት ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠን «ይሄን ሽማግሌ ምን ላድርገው?» ስል ገመዳ «ለኔ ስጠኝ» አለኝ። «ውሰደው» አልኩት። እንደ ዋዛ።

እናቱ ሰማችን። አገሬው ሁሉ ሃርሜ ይላታል፣ እናቴ እንደማለት። አጭር፣ ዓይነ ብርቱ፣ ከጸሎት ቤት የማትቀር፣ ንግግሯ የተመጠነ ሴት። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በራሷ ቋንቋ ነው። ማን ለማን ምን እንደሰጠ ጠየቀች፤ ገመዳ ሰው መሆኑን ነገራት፣ የወረቀት ሰው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። «ሰው ከሆነ እንደ ዋዛ አይሰጥም» አለች። ተነሥታ ገባችና በጣሳ ወተት ይዛ ወጣች፤ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨች። የሴባሎን ታሪክ የያዘውን ሉክ ወረቀት ከእጄ ተቀብላ ገመዳ ጭን ላይ አስቀመጠች። ሣሩን ወተት ውስጥ ነክራ ረጨችው። መረቀች፤ «እደግ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለችው፣ ሰባ ዓመት የሞላውን ሽማግሌ። እኔ ሳቄን ልውጥ ስታገል ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ጉዲፈቻ ነው» አለችኝ፤ ገመዳ እየተረጎመ። «ሰጥተሃል። ከዛሬ ጀምሮ የሱ ልጅ ነው። ጉዲፈቻ ነህ ተብሎ አይነገረውም፣ በሰው ፊትም አይወራም። አንተ ልታየው ትመጣለህ፣ ቤታችን ትበላለህ፣ መንገድ ላይ ስታገኘው እንደ ጎረቤት ልጅ ሰላም ትለዋለህ። ልጄ ግን አትለውም። ከን ኬነን ሂን ዴቢኡ።»

የመጨረሻውን ገመዳ አልተረጎመውም፤ ገባኝ። የሰጡት አይመለስም። ቀና ብዬ ሳየው ገመዳ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። የወተቱ ጠብታ ቀለሙን አበላሽቶበት የተናደደ መሰለኝ። እንዲህ ነበርኩ እኔ፤ ሰው ፊት ላይ የማነበው ሁሉ ስለ ጽሑፍ ነበር።

ገመዳ ሴባሎን አሳደገው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከማማው ሲወርድ የሚሄድበት ቤት ሠራለት። ማንጎ የምትሸጥ፣ ነገረኛ ሚስት አጋባው። በአንዱ ታሪኩ ሴባሎ ወደ ማማው ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤቱን ጉልበት ሳይቀር እየጠየቀ፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ዋለና አንድ መርከብ ሙሉ ቀን ቆሞ ቀረ። መምህራን ክፍል በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የሁለታችንም ታሪኮች ተሳሰሩ፤ የሱ ሰው በኔ ታሪክ በኩል ያልፋል፣ የኔ ሰው ከሱ ገበያ ይገዛል። የትምህርት ቤቱ ታይፒስት በሪቱ ከምሳ በኋላ በስቴንስል ትመታልናለች፣ በማባዣው እናባዛለን፣ ከተማው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የቀለሙ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ፀጉር ቤት ስቀመጥ «ሴባሎ ሚስቱን ታረቀ?» ይሉኛል። «ገመዳን ጠይቁ» እላለሁ፤ ያኔ ሕጉን አከብር ነበር። ሃርሜ ግን ማንንም አትጠይቅም፤ ዲጋ በወረድን ቁጥር ገመዳን ብቻ ነው። «ሴባሎ እንዴት ነው?» ትለዋለች፣ ከከብቱ በፊት። ገመዳ አጠገቧ ተቀምጦ አዲሱን ታሪክ በኦሮምኛ ይነግራታል። በሪቱንም ያገባው በዚያው ሰሞን ነው፤ ስትመታ ስታርመው፣ ስታርመው ተግባቡ።

ዘጠኝ ዓመት ነቀምት ከኖርኩ በኋላ ዝውውሬ መጣ። አዲስ አበባ። የታሪኮቹን ቅጂ ሁሉ በካርቶን አሰርኩ፤ ገመዳ ራሱ ሲባጎውን ሳበልኝ። «መጽሐፍ አድርጋቸው» አለኝ። «የሁለታችንን» አልኩት። መናኸሪያው ላይ እንዲህ ተባብለን ተለያየን። ጥፋቴን ከሌላ ሰው ላይ መጣል አልፈልግም፤ ግን አንድ አርታኢ ነበር። ከንፈሩ ላይ ሲጋራ አስቀምጦ የሚያወራ፣ የሱን ቃል ለመስማት ደረጃ ላይ የምንሰለፍለት ሰው። ጽሑፉን ወደደው። «ሁለት ደራሲ ግን ሁለት ምላስ ነው፤ አንድህን ሁን» አለኝ። ገመዳ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የክፍለ ሀገር መምህር ነው አልኩ። እኔ ራሴ እስከ አምና ድረስ ምን እንደነበርኩ ጠፍቶኝ! የገመዳን ታሪኮች አወጣኋቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። ሴባሎ ግን ከሌለ የኔዎቹም አይቆሙም፤ ስለዚህ መለስኩት። ሚስቱን ነጥቄ፣ ሰላምታውን ነጥቄ፣ ወደ ማማው ብቻውን መለስኩት። አርታኢው እንደገና አነበበና «ሽማግሌው ምንም አይሠራም። ግደለው፤ አንባቢ ማልቀስ አለበት» አለ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጻፍኩት። ሴባሎ ሰዓቱን ሊሞላ ወጥቶ ወደቀ። አርታኢው ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ስንት ዓመት የጠበቅኩት እጅ ነበር።

መጽሐፉ ወጣ። በኔ ስም፣ በኔ ፎቶ፣ አፍሮዬ ተከርክማ። መግቢያው ላይ «በወለጋ ያገኘኋቸውን ወዳጆች ሁሉ አመሰግናለሁ» የሚል አንድ መስመር አለ። ሁለት ጋዜጣ አነሣው፣ አንድ ሰው በመንገድ አስቁሞ አመሰገነኝ፤ ከዚያ በዓመቱ መንገድ ዳር ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ክምር ሥር አገኘሁት። ለዚህ ነው እንግዲህ! ለገመዳ አንድ ቅጂ በፖስታ ልኬለት ነበር። «ለወንድሜ» ብዬ ፈርሜበት። ይቆጣል ብዬ ገምቼ ነበር፤ የመከራከሪያ ነጥቦቼንም በቁጥር ደርድሬ ጠበቅኩት። ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ። አንድ መስመር ናት፤ የታረመ ፈተና ላይ በሚጽፍባት በዚያች ጥንቁቅ እጁ የተጻፈች።

«ሃርሜ፣ ሴባሎ እንዴት ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?»

ለዚያች ደብዳቤ ስንት ጊዜ መልስ እንደጻፍኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጽፌ እቀድዳለሁ። አንዱን ሳምንት አቆየዋለሁ፣ ሳነበው ያሳፍረኛል። ከዚያ ዓመት ሆነ፤ ዓመት ከሞላው በኋላ ደግሞ መልስ መጻፍ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቅ ሊሆን ነው፣ እሱ ደግሞ ይከብዳል። መንግሥት ተለወጠ፣ የብር ኖቱ ተለወጠ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ገባ። ቁጥሩን ከአንድ የነቀምት ልጅ አግኝቼ ስልኬ ላይ «ገመዳ» ብዬ መዝግቤው ነበር። ስድስት ዓመት ተመዝግቦ ተቀመጠ። ጣቴን አንድ ጊዜም ቢሆን አላሳረፍኩበትም። ሌላ መጽሐፍም አልጻፍኩም፤ ሲጠይቁኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ።

ከጭማቂ ቤቱ በወጣሁ በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ነቀምት ሰፍታለች። ጨለለቂ የነበረችው ክፍሌ ፎቅ ቆሞባታል፤ ሻይ ቤቱ የነበረበት ማዕዘን ላይ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፣ ዘፈኑም ከሁሉም ሱቅ በአንዴ ስለሚጮህ እርምጃን በልኩ ማድረግ አይቻልም። ሲነጋ ወደ ዲጋ ወረድኩ። ሹራብ አልለበስኩም፤ ያላበኝ ሌላ ነገር ነው። ግቢው ያው ነው። ማንጎው አርጅቶ አንድ ወገኑ ደርቋል፣ በሌላው ወገን ፍሬ ተጭኖታል። በሪቱ በረንዳው ላይ ማንጎ ትመርጣለች። ጸጉሯ ነጭ፣ መነጽሯ በክር የታሰረ። አየችኝና እጇን በመቀነቷ ጠረገች።

«ያ አያሌው» አለችኝ። «ዘገየህ።»

እንዲህ ብቻ። ውሃ ሰጠችኝ፣ ምሳ አቀረበች፣ እኔን፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ዝናቡን ጠየቀች። እየበላሁ ይቅርታዬን ጀመርኩ፤ ሠላሳ ዓመት ያጠናሁት ተበተነብኝ። «ሽማግሌውን መግደሌ... የወረቀት ሰው ነው ብዬ...» ስል እጇን አነሣች።

«አዳምጠኝ» አለች። «ሁለቱም የሉም፤ አሁን ብናገረው ነውር የለበትም። ገመዳ የሃርሜ የማህፀን ልጅ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተሰጥቷት ነው።»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት።

«አስተማሪ ሆኖ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ሰሞን የወለደው ሰውዬ መጣ። እዚህ፣ ይሄ በር ላይ ቆመና ልጄን ስጡኝ አለ፤ አድጓል፣ ደመወዝተኛ ሆኗል፣ የኔ ነው አለ። ገመዳ ወጣና እንደ ጎረቤት ሰላም አለው፣ ከብቱን ጠየቀው፣ ውሃ ሰጥቶ ሸኘው። ስለዚያ ቀን ከእናቱ ጋር አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ነው የሞተችው። ለኔ ራሱ የነገረኝ ያንተ መጽሐፍ የመጣ ዕለት ነው።»

ማንጎው ሥር መሬት መሬት ሲያይ የነበረው ሰው ትዝ አለኝ። የተናደደው በወተቱ ጠብታ አልነበረም። የሃርሜ ምርቃት ለሴባሎ ብቻ አልነበረም፤ ለልጇ ልትለው የማትችለውን በኔ የወረቀት ሰው አሳብራ ነበር የነገረችው። እኔ ደግሞ በሩ ላይ እንደቆመው ሰውዬ መጥቼ፣ ያውም ወስጄ፣ ገደልኩት።

«ምን አላት?» አልኩ። «ሃርሜ ስትጠይቀው?»

«ደህና ነው አላት። ግን ታውቀዋለህ፣ በእናቱ ፊት መዋሸት አይችልም። እንዳይዋሽ ጻፈ።» ገባችና አንድ የሳሙና ካርቶን እየጎተተች መጣች። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሮች ናቸው፣ እስከ አፉ። «በየሳምንቱ ይጽፋል፣ ቅዳሜ ያነብላታል። እሷ ከሞተችም በኋላ አልተወም። ማንበብ ትችላለህ። ይዘህ መሄድ ግን የለም።»

ከሥር የነበረችውን አወጣሁ። ውስጧ ያ የድሮው ሉክ ወረቀት ታጥፎ አለ፤ የወተቱ ጠብታ ቢጫ ሆኗል፣ ቀለሙ የተበላሸበት ቦታ ላይ ፊደሎቹን በእርሳስ አድሷቸዋል። የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር በኦሮምኛ ነው፤ ሴባሎ ያደገበትን ቤት ቋንቋ ነው የሚናገረው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ በሪቱ እያረመችኝ አነበብኩት። «ሴባሎ ከማማው ወድቆ ሞተ ተብሎ በሩቅ አገር የተወራው ሐሰት ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሴባሎ ቤቱ ተቀምጦ ከሚስቱ ጋር ማንጎ ይበላ ነበር።» ገለበጥኩ። ሰዓቱ ተጠግኗል። ሚስቱ አሁንም ነገረኛ ናት። ጉልበቱን ሲያመው ጎረቤቶች ማማው ላይ አዝለው ያወጡታል። እስኪመሽ አነበብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ራሴን ነበር የምፈልገው። አንድ ቦታ ላይ እንደ ሌባ፣ እንደ ከሃዲ፣ እንደ ክፉ መርከበኛ ሆኜ የምገባ መስሎኝ ነበር፤ ያን ሆኜ ብገኝ ይሻለኝ ነበር። የለሁም። በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ የትም የለሁም።

በሪቱ መብራቱን አበራችና ደብተሮቹን ወደ ካርቶኑ መለሰች። የመጨረሻዋ እጄ ላይ ነበረች፤ በሁለት እጄ አቀበልኳት። ለመሄድ ተነሣሁና በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያ ሰውዬ ቆሞበት የነበረው ቦታ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከቆምኩ በኋላ ነው። ወደ ካርቶኑ ዞሬ፣ ሃርሜ እንዳስተማረችኝ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ፣ «አካም ጅርታ፣ ሴባሎ» ብዬ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

በሪቱ ካርቶኑን ከደነችና ባሏ ለሃርሜ ይመልስበት በነበረው ድምፅ መለሰችልኝ።

«ደህና ነው።»